ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት

ይድረስ በአገር ቤት ላላችሁ ወገኖች።

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ጥግ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያገራችን ሰው ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ሳይናገር ውሎ ሊገባ ይችላል። እንጀራውን ከሱቅ ይገዛል፤ የጀበና ቡና የሚጠጣበት አያጣም፤ ፀጉሩን የሚያስተካክለውም ያገሩ ልጅ ነው። ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿ አማርኛ ተናጋሪውን በቋንቋው እንዲያስተናግዱ አዝዛለች። ይህ ሁሉ አዲስ ለመጣ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ሙያ ይዞ ለመጣ ግን አይበቃም፤ ይህ ደብዳቤም የተጻፈው ስለ እሱ ነው።

በአገር ቤት ስምንት ዓመት በነርስነት ያገለገለ አንድ የልጆች አባት ዲቪ ደርሶት መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ፓርኪንግ ገባ። ምድር ቤት ውስጥ፣ በመስታወት በታጠረች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ከባለመኪኖች ቲኬት ይቀበላል። ሥራው አያሳፍርም፤ ከዚህ ሥራ ልጅ ያስተማሩ፣ ቤት የገዙ ብዙ ናቸው። እሱን እንቅልፍ የነሳው የነርስነት ፈቃዱ ነበር። እዚህ በሙያው ለመሥራት መጀመሪያ ትምህርቱ መገምገም አለበት። ለዚያ ደግሞ የተማረበት ተቋም ትራንስክሪፕቱን በፖስታ አሽጎ፣ በእሽጉ ላይ ማኅተም አሳርፎ፣ በቀጥታ ለገምጋሚው ድርጅት መላክ ነበረበት።

ይህን በደንብ ያወቀው ከመጣ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ያሉት እናቱ ላይ ታች ብለው ወረቀቱን ከሬጅስትራር አወጡለት። ከዚያ እሽጉን ከፈቱት። በመንገድ እንዳይቀደድ፣ እንዳይረጥብ ብለው ላሚኔት አስደረጉትና ወደ አሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ አስያዙት። ልጅየው ያንን የሚያብረቀርቅ ወረቀት በመስታወቷ ክፍል ውስጥ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ አየው። ፖስታው ከተከፈተ ገምጋሚው እንደማይቀበለው ያውቃል። ለእናቱ ግን «ደርሶኛል እማዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ሌላ ወረቀት በተገቢው መንገድ እስኪላክ ዘጠኝ ወር ሄደ።

ቀጥሎ ፈተናው አለ። የነርሶች የፈቃድ ፈተና በኮምፒውተር የሚሰጥ ሲሆን ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ይቀርብበታል፤ ተፈታኙ የመለሰው ታይቶ ነው የሚቀጥለው ጥያቄ የሚመረጥለት። በሽምደዳ አይታለፍም። ሰውየው ፓርኪንጉን ትቶ በአረጋውያን መንከባከቢያ ረዳት ሆነ፤ ሌሊት እየሠራ ቀን እያጠና ፈቃዱን የያዘው በአራተኛው ዓመት ነው። የሐኪሙ መንገድ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። የሐኪሞችን የፈቃድ ፈተናዎች ካለፈ በኋላ ለሬዚደንሲ (ለስፔሻሊቲ ሥልጠና) ቦታ ይወዳደራል፤ ካገኘም የውስጥ ደዌ ሕክምና ብቻ ሦስት ዓመት ይወስዳል። በአገሩ ስፔሻሊስት የነበረም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ይጀምራል።

ሙያቸው ሳይቋረጥ የዘለቀላቸውም አሉ። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከወሎንኮሚ ተነስተው፣ በጅማ እርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ አልፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። ከዚያ ሱዳን ወርደው ድርቅን የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ አወጡ፤ በኋላም አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አፈለቁ። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር እየመጠጠ ገበሬውን ባዶ እጁን የሚያስቀር አረም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጣቸውም ለዚህ ነው። ትጋታቸው እንዳለ ሆኖ፣ የገቡበት በር የትምህርት በር እንደነበር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዲቪ ግን ዕጣ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣል እንጂ ሙያን አያሻግርም። እዚህ ያሉ ብዙ መሐንዲሶች፣ መምህራንና ፋርማሲስቶች የተጎዱት ይህን ልዩነት የሚነግራቸው ሰው በማጣታቸው ነው፤ ጥፋቱም በአብዛኛው የእኛ የቀደምነው ነው። ፎቶ ልከናል፤ ይህን ግን አልጻፍንም።

ስለዚህ ከቤታችሁ ዲቪ የደረሰው ካለ፣ የመሰነባበቻው ድግስ ከመታሰቡ በፊት ሬጅስትራር ይሂድ። ትራንስክሪፕቱ እንዴት እንደሚላክ ጠይቆ፣ የከፈለበትን ደረሰኝ ይያዝ። የሙያ ፈቃዱንና የሥራ ልምድ ማስረጃውን እዚያው እያለ ያውጣ፤ የፈተናውን መጽሐፍም ከአሁኑ ይጀምር። የታሸገ ፖስታ ከደረሳችሁ አትክፈቱት፤ ላሚኔትም አታስደርጉት። ከሄደ በኋላ ስትደውሉለት ከገንዘቡ በፊት ስለ ጥናቱ ጠይቁት። ፈተና ላይ ላለ ሰው አንድ ትርፍ ሺፍት ማለት ያልተነበበ ምዕራፍ ነው። ለጥቂት ወራት ምንም ባይልክላችሁ፣ እባካችሁ፣ አትቀየሙት።