ቁናው ራሱ በምን ይሰፈር?

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ አበው። አባባሉ ስለ ፍርድ የተነገረ ነው። ሥራው መለካት ለሆነ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ ቁናው ራሱ ጎደሎ ቢሆንስ? እኔ ይህን የተማርሁት ከራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተመራቂ ተማሪ በ10 ሜጋሄርዝ የሚነዝር የኳርትዝ ኦሲሌተር ሠርቶ አቀረበልኝ። የጂፒኤስ መቀበያ በየሰከንዱ በሚያወጣው ምልክት እየተመራ የለካው ድግግሞሽ 10,000,050 ሄርዝ ነበር። የቤተ ሙከራችን ድግግሞሽ ቆጣሪ ግን 9,999,790 አለ። እኔም ተማሪ ይሳሳታል እንጂ ይህን ያህል አሃዝ የሚደረድር መሣሪያ አይሳሳትም ብዬ ነጥቡን ቀነስሁበት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለ የሩቢዲየም ድግግሞሽ ማመሳከሪያ ገዛን። ለአንድ ሳምንት ከጂፒኤስ ምልክት ጋር እያስተያየን ካረምነው በኋላ ትክክለኛውን 10 ሜጋሄርዝ ለዚያው ቆጣሪ ሰጠነው። ቆጣሪው 9,999,740 ሲል አነበበ። ተማሪው ልክ ነበር፤ የቆጣሪው የመጨረሻ ሦስት አሃዞች ጌጥ ነበሩ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው በውስጡ ባለ ኳርትዝ እየተመራ ነው። ኳርትዝ ደግሞ በሰው እጅ የሚቆረጥ፣ ከሙቀት ጋር የሚለዋወጥና የሚያረጅ ነገር ነው። የእኛው ቆጣሪ ስሕተት ሰዓት ላይ ቢሆን ኖሮ በቀን ከ2 ሰከንድ በላይ ያዛባ ነበር።

አቶም ግን አያረጅም። እ.ኤ.አ. በ1955 ሉዊስ ኤሰንና ጃክ ፓሪ በእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ የሲዝየም ሰዓት ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ አንድ ሰከንድ 9,192,631,770 የሲዝየም ንዝረት እንዲሆን ተደነገገ። እኛ ሰዓታችንን ከንጋት እንቆጥራለን፤ ሌላው ዓለም ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። መነሻው ልማድ ነው። የሰከንዱ ርዝመት ግን ለሁላችንም አንድ ነው፤ ዳኛውም አቶሙ ነው።

ይህ ዳኛ ዛሬ በእጅ የሚያዝ ሣጥን ውስጥ ይገባል። በሣጥኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ የሩቢዲየም መብራት አለች። ብርሃኗ በሩቢዲየም 85 ትነት ከተጣራ በኋላ ሩቢዲየም 87 ትነት በያዘ ብልቃጥ አልፎ በፎቶዳዮድ ላይ ያርፋል። ብርሃኑ አቶሞቹን ከሁለት ተቀራራቢ የጉልበት እርከኖች ከአንደኛው እያነሣ በሌላው ስለሚያከማቻቸው፣ ብርሃን የሚውጥ አቶም ያንሳል። በዚህ ጊዜ 6,834,682,611 ሄርዝ ገደማ ድግግሞሽ ያለው ማይክሮዌቭ ቢለቀቅበት አቶሞቹ ወደ ቀድሞ እርከናቸው ይመለሳሉ፤ ወደ ፎቶዳዮዱ የሚደርሰው ብርሃንም በጥቂቱ ይደበዝዛል። ማይክሮዌቩ የሚመነጨው ከተራ ኳርትዝ ሲሆን፣ ኤሌክትሮኒክ ዑደቱ ድብዛዜውን እየተከታተለ ኳርትዙን ያርመዋል። ተማሪዎቻችን በወረቀት ላይ ብቻ የሚያውቁት ኳንተም ሜካኒክስ እዚህ ሥራ ላይ ነው።

እነዚህ ሣጥኖች ወደ ኤሌክትሮኒክስ አፍቃሪዎች እጅ የገቡት በአብዛኛው ከፈረሱ የሞባይል ስልክ ጣቢያዎች ነው። ያገለገለ ሣጥን ከጥቂት መቶ ዶላር ባልበለጠ ዋጋ ይገኛል። በአንጻሩ የአሜሪካ ብሔራዊ የልኬት ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ዋና ክፍሉ የሩዝ ፍሬ የሚያህል አቶሚክ ሰዓት ሠርተው፣ የዚህ ዓይነቱ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2011 ለገበያ ቢቀርብም ዋጋው ለእኛ ቤተ ሙከራ የሚቀመስ አይደለም።

«አቶሚክ» የሚለው ቃል የሚያስፈራቸው አሉ። ሣጥኑ የሚሠራው በአቶሙ የጉልበት እርከኖች እንጂ በኒውክለስ መፈራረስ አይደለም። ሩቢዲየም 87 በተፈጥሮው ጨረር አመንጪ ቢሆንም የግማሽ ዕድሜው 49 ቢሊዮን ዓመት ያህል ስለሆነ፣ በብልቃጡ ያለው ቅንጣት ማንንም አይጎዳም። ይልቅ መጠንቀቅ የሚያሻው ለሙቀቱ ነው፤ ሣጥኑ ሙቀት የሚያስወግድ ወፍራም አሉሚኒየም ላይ ካልታሰረ ዕድሜው ያጥራል።

«ጂፒኤስ በነጻ እያለ ይህ ለምን አስፈለገ?» የሚሉ ባልደረቦችም አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሩቢዲየም ብቻውን የመጨረሻ ዳኛ አይደለም፤ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ድግግሞሹን በጥቂቱ ያዛባዋል፣ መብራቷም ታረጃለች። ስለዚህ አልፎ አልፎ መታረም አለበት። በሌላ በኩል የተራ ጂፒኤስ መቀበያ ምልክት በየሰከንዱ በአሥር ናኖሰከንዶች ይዋዥቃል። 30 ናኖሰከንድ ለአንድ ቀን ልኬት ኢምንት ሲሆን፣ ለአንድ ሰከንድ ልኬት ግን ከመቶ ሚሊዮን 3 እጅ ስሕተት ነው። በአጭሩ ጊዜ ሩቢዲየሙ፣ በረጅሙ ጊዜ ጂፒኤሱ ይታመናል። አንዱ ሌላውን ይደግፋል እንጂ አይተካውም። በዚህ መንገድ የታረመ ሣጥን ስሕተቱ ከአሥር ቢሊዮን አንድ እጅ ቢሆን እንኳ፣ አንድ ሰከንድ ለማዛባት ከ300 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር ሳለሁ በየጠረጴዛው እንደ መብራት ኃይል የሚታደል የ10 ሜጋሄርዝ ገመድ ነበር። ማንም አያስተውለውም ነበር፤ እኔም አላስተዋልሁትም። ወደ አገሬ ስመለስ ውድ መሣሪያዎች ይጎድሉናል ብዬ ብዙ ጊዜ አማርሬአለሁ። ያጣነው ግን መሣሪያ ሳይሆን ያንን ገመድ ነበር።

ስለዚህ ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምር የትምህርት ክፍል ሁሉ አንድ የሩቢዲየም ሣጥንና አንድ የጂፒኤስ መቀበያ ይኑረው፤ ምልክቱም ለየጠረጴዛው ይታደል እላለሁ። ተማሪውም በሪፖርቱ ላይ ስንት ለካሁ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ቁና ለካሁ ብሎ ይጻፍ። እኛ መምህራንም ተማሪውን ከማረማችን በፊት መሣሪያችንን እናርም።

ለዚያ ተማሪ ደብዳቤ ጽፌ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እርሱም በጨዋነት መልሶልኛል። በትምህርት ማስረጃው ላይ ያለው ውጤት ግን እስከ ዛሬ እኔ እንደ ጻፍሁት ነው።