የቄብ እንቁላል ቢዥጎረጎር አትደንግጡ



ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በጓሯችሁ አራት አምስት ቄብ ለምታሳድጉ ሁሉ ነው። የ45 ቀን ጫጩት ገዝታችሁ፣ ከጭልፊትና ከሸለምጥማጥ ጠብቃችሁ፣ የመጀመሪያው እንቁላል ሲገኝ ቤተሰቡ በሙሉ ይደሰታል። ጭንቀቱ የሚመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። አንዱ እንቁላል ደማቅ ቡናማ፣ ሌላው የገረጣ፣ ሌላው ነጠብጣብ የበዛበት ይሆናል። አንዳንዴም ቅርፊት የሚባል ነገር የሌለው፣ በስስ ሽፋን ብቻ የተያዘ ልፍስፍስ እንቁላል ጎጆው ውስጥ ይገኛል። ያኔ «ይቺ ታማለች፣ ሳትሞት እንሽጣት» የሚል አይጠፋም። እባካችሁ አትቸኩሉ። ገና መጣል የጀመረች ዶሮ በዚህ ሰበብ ቢላ ሲወጣባት ያንገበግበኛል።

ዶሮ አንድ እንቁላል ሠርታ ለመጣል አንድ ቀን ገደማ ይፈጅባታል። ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ የሚያልቀው ቅርፊቱን በመሥራት ሲሆን፣ ቡናማው ቀለም በብዛት የሚያርፍበት መጨረሻ ላይ ነው። ቡናማ እንቁላል ስትሰብሩ የቅርፊቱን ውስጥ ተመልከቱት፤ ነጭ ነው። ቀለሙ ላይ ላዩን ብቻ ነው የተቀባው። በእነዚያ የመጨረሻ ሰዓታት ውሻ ቢያባርራት ወይም ማደሪያዋ ቢቀየርባት እንቁላሉ በወጉ ሳይቀባ ሊወጣ ይችላል። ደንግጣ ከጊዜው በላይ ይዛው ከቆየች ደግሞ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ነጭ ሽፋን ይለብሳል። በጥፍር ሲፋቅ የሚነሣው ሻካራ ነጠብጣብም ትርፍ ካልሲየም ነው። እንቁላሉ ያለ ስጋት ይበላል።

በቄብ ላይ እንዲህ ያለው የሚበዛው ሰውነቷ የመጣልን ሥርዓት ገና ስላልያዘ ነው። ሁለት አስኳል በአንድ ቅርፊት ይገባል፤ ወይም አስኳል የሌላት ሚጢጢ እንቁላል ትወጣለች። በቅርፊቱ ላይ ቀጭን የደም ጭረት ብታዩም መውጫዋ ገና ስላልለመደ ነው። ጥቂት ሳምንታት ስጧት።

እንቁላል ገዢዎችም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቅርፊት ቀለም የዘር ጉዳይ ነው፦ ቦቫንስ ብራውን ቡናማ ትጥላለች፣ ሌግሆርን ነጭ። የምግብ ይዘቱ ከቀለሙ ጋር አይያያዝም። የሀበሻ እንቁላል የምንወድለት ቢጫ አስኳል ደግሞ ዶሮዋ ስትውል ከለቀመችው ቅጠልና ሣር የመጣ ነው። የፈረንጇም ዶሮ ጎመን ብትበላ አስኳሏ ይደምቃል።

በትክክል ሊያሳስባችሁ የሚገባው የቅርፊቱ ጥንካሬ ነው። በአንድ ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ፤ ዶሮዋ ከምግቧ ካላገኘችው ከአጥንቷ ትወስዳለች። መጣል የጀመረችን ቄብ በጫጩት መኖ ማቆየት ስለዚህ ይጎዳታል። የእንቁላል ጣይ መኖ ካልተገኘ የእንቁላል ቅርፊት ሰብስቡ፣ ቆሉት፣ እንቁላል መሆኑ እስከማይታወቅ ድረስ ሰባብሩት፤ አለበለዚያ የራሷን እንቁላል መብላት ትለምዳለች። ከመኖው ጋር አትቀላቅሉት፣ ለብቻው በዕቃ አስቀምጡላት። የምትጥለዋ የሚበቃትን ትወስዳለች፤ ገና ያልደረሱት ግን ካልሲየም ሲበዛባቸው ኩላሊታቸው ይጎዳል። በሙቀት ወራት ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ አይለያት፤ እያለከለከች የምትውል ዶሮ ቅርፊቷ ይሳሳል።

የማትታገሡበት ጊዜም አለ። ዶሮዎቹ ሁሉ በአንድ ሰሞን የገረጣና የተጨማደደ እንቁላል ከጣሉ፣ መጣሉም ድንገት ከቀነሰ፣ ካስነጠሱ ወይም አረንጓዴ ካስቀመጣቸው ይህ የልጅነት ነገር አይደለም፤ ፈንግል ሊሆን ይችላል። የታመሙትን ለዩ፣ ወደ ገበያ አታውጡ፣ የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም ዛሬውኑ ጥሩ። የፈንግል ክትባት እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ጫጩት ስትገዙ መቼ እንደተከተቡና ቀጣዩ መቼ እንደሆነ ሻጩን ጠይቁት።