ሽርሽሩ የሚጀምረው ከውሻዎ ክትባት ነው

ክረምቱ አልፎ መስኩ በአደይ አበባ ሲደምቅ ከቤት መውጣት ያምራል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ምግቡን ቋጥሮ ወደ እንጦጦ፣ ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ዳርቻ የሚያቀናው በዚህ ወቅት ነው። ቀድሞ በር ላይ ታስሮ ከመጮህ ያለፈ ድርሻ ያልነበረው ውሻም ዛሬ በአንዳንድ ቤት እንደ ቤተሰብ አባል ተቆጥሮ አብሮ ይወጣል። ልጆችም ያለ «ቡቺ» ሽርሽር አይጥማቸውም።

እንደ ሐኪም ይህን ልማድ እደግፈዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ውሻ ያለው ሰው ቢሰንፍ እንኳ ውሻው ጎትቶ ያስኬደዋል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ዳቦው፣ ቆሎው፣ የቡናው ጀበና ሳይቀር ታስቦበት ሲዘጋጅ፣ ውሻው መከተብ አለመከተቡን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። በእኔ እምነት የሽርሽሩ ዝግጅት መጀመር ያለበት ከዚሁ ጥያቄ ነው።

ምክንያቱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ በታመመ እንስሳ ምራቅ አማካይነት በንክሻ፣ በጭረት ወይም በተላጠ ቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል። ከዚያም በነርቭ አድርጎ ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ ለመታየት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ ከዚያ የሚያጥርበትም የሚረዝምበትም ጊዜ አለ። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚሞት ያሳያል። በሽታውን ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ከ100 ጊዜ 99ኙ ውሻ ነው። በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ንክሻ ከሚደርስባቸው ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው።

«የእኔ ውሻ ከግቢ አይወጣም፤ ሰውም አይነክስም» የሚል መልስ ደጋግሜ እሰማለሁ። እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለሽርሽር የወጣ ቀን ከግቢ ወጣ ማለት ነው። በየጫካው ጥግና በየመንገዱ ባለቤት የሌላቸው ውሾች አሉ፤ የእረኞች ውሾችም ክልላቸውን አያስደፍሩም። ጥል ከተነሳ የእርስዎ ውሻ ሊነከስ ይችላል። ካልተከተበ ደግሞ በሽታውን ይዞ ወደ ቤት ይመለስና ከሳምንታት በኋላ ከልጆችዎ ጋር ሲጫወት ሊያስተላልፈው ይችላል። ስለዚህ የውሻው ጠባይ ክትባቱን አይተካም።

ውሻ ክትባቱን ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ ሊወስድ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የእንስሳት ሐኪሙ በሚሰጠው ቀጠሮ መሠረት ይደገምለታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ የመከላከል አቅሙ እስኪዳብር ሳምንታት ስለሚወስድ፣ ክትባቱን ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብሎ መስጠት ይመረጣል። በሽርሽሩ ዋዜማ ማስከተብ ለዚያ ቀን አይደርስም።

በዚያው ቀጠሮ የሆድ ትል መድኃኒት እንዲሰጠው ይጠይቁ። በዓል ሲመጣ በግ አርደን ውሃ የቋጠረ እባጭ ያለበትን ሳንባና ጉበት «ለውሻው ይሁን» ብለን እንወረውራለን። በእባጩ ውስጥ ያለው ጥገኛ ትል በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላሉን ከዓይነ ምድሩ ጋር ያወጣል። እንቁላሉ ፀጉሩ ላይም ስለሚጣበቅ ውሻውን ዳሰን እጃችንን ሳንታጠብ ስንበላ ወደ እኛ ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ የሚያድግ እባጭ ይፈጥራል፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። እባጭ የታየበት የሆድ ዕቃ መቃጠል ወይም ውሻ በማይደርስበት ጥልቀት መቀበር አለበት። መስክ ላይ ምግብ የምንቆርሰው በእጃችን ስለሆነ ውሃና ሳሙና ከቅርጫቱ አይጉደል። የውሻውን ዓይነ ምድር የሚያነሱበት ፌስታልም ይያዙ።

በዕለቱ ደግሞ የሚሄዱበት ቦታ ውሻ ያስገባ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ሰው በበዛበት ቦታ ማሰሪያውን አይልቀቁ። ውሻ እንደ ሰው በላብ ስለማይቀዘቅዝ ጥላና የራሱ የውሃ ዕቃ ያዘጋጁለት፤ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥም ትተውት አይሂዱ። ወጥ የነካው እንጀራ አያጉርሱት፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀቱን ሊወጋ ይችላል። ቸኮሌትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው። ልጆች የሚበላ ወይም የተኛ ውሻ እንዳይነኩ፣ የማያውቁት ውሻ ሲጠጋቸውም ሮጠው እንዳያመልጡ አስቀድመው ያስተምሯቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ውሻ ሰው ቢነክስ፣ የመጀመሪያው ሕክምና የሚሰጠው እዚያው መስክ ላይ ነው። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት። ቫይረሱ ሳሙና አይወድም። ቡና፣ በርበሬ ወይም ቅጠል አይነስንሱበት፤ ጥብቅ አድርገውም አይሰሩት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሐኪሙ እንደ ቁስሉ ዓይነት ክትባት ያስጀምራል፤ ቆዳው ተቀዶ ከደማ ቁስሉ ውስጥ የሚሰጥ ተጨማሪ መድኃኒትም አለ። የቴታነስ ክትባትም ሊያስፈልግ ይችላል። ብዙዎችን የሚያስፈራው በሆድ ዙሪያ ለተከታታይ ቀናት ይሰጥ የነበረው መርፌ የቀድሞው ነው። ዘመናዊው ክትባት በክንድ ላይ፣ በቀጠሮ፣ በጥቂት ዙር የሚሰጥ ነው። ቀጠሮውን ማቋረጥ ግን አይቻልም።

የነከሰውን ውሻ ቸኩለው አይግደሉት። ማሰር የሚቻል ከሆነ ለ10 ቀን ይታይ፤ በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ ቫይረሱ በምራቁ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። ይህ ማለት ግን ውጤቱ እስኪታወቅ ክትባት ሳይጀምሩ መጠበቅ አይደለም። የታመመ ውሻ ሁልጊዜ እየሮጠ የሚናከስ አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። አንዳንዱ ዝም ብሎ ጥግ ይይዛል፣ መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥም ያቅተዋል። «ጉሮሮውን አጥንት ወግቶት ይሆናል» ብሎ እጅን አፉ ውስጥ መክተት አደገኛ ነው።

ስለ ባህል መድኃኒትና ስለ ጸበልም ልናገር። የማንንም እምነት አልነካም። ታማሚው ጸበሉን ቢፈልግ ቁስሉን አጥቦ፣ ክትባቱን ጀምሮ፣ ቀጠሮውን ሳያቋርጥ መጠመቅ ይችላል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅድሚያውን ለክትባቱ ይስጡ። በዚህ በሽታ የባከነ ቀን ተመልሶ አይገኝም።

በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 28 ቀን የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ይከበራል። ዕለቱ የበሽታውን ክትባት ያገኘው ሉዊ ፓስተር በ1895 ያረፈበት ነው። ፓስተር ክትባቱን ለሰው የሰጠው በ1885 ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎም ሰው በዚህ በሽታ መሞቱ የሚያሳዝን ነው። የመንግሥት አካላት ክትባቱን በየወረዳው ማዳረስና ባለቤት የሌላቸውን ውሾች መቆጣጠር ይጠበቅባቸዋል። ውሻ አሳድጋለሁ ያለ ሰው ግን የራሱን ድርሻ ለማንም ሊያስተላልፍ አይገባም። የውሻ ክትባት የቅንጦት ወጪ ተደርጎ መታየቱ ይብቃ፤ የሚጠብቀው የራስንና የጎረቤትን ልጅ ነው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በዚህ ሳምንት ለመውጣት ካሰቡ የውሻዎን የክትባት ካርድ አውጥተው ቀኑን ይመልከቱ። ካለፈ ወይም ካርዱ ጨርሶ ከሌለ ውሻዎን ይዘው መጀመሪያ ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ፤ እንጦጦ የትም አይሄድም። መልካም ሽርሽር!