ሾካካው የግድ መደበቅ አለበት?
በጅግጅጋ ሻሕ የተባለውን የጠጠር ጨዋታ የሚጫወቱ አዛውንቶችን ያየ ሰው ይገርመዋል፤ የሁለቱም አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ጠጠር በግልጽ ተደርድሮ ሳለ፣ ዓይኑ ሌላ ጥግ ላይ የነበረው ተጫዋች ሳያስበው ጠጠሩ ይነሣበታል። «ባልደርስ ጌት 3» (2023) በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ «ሮግ» የሚሰኘው ሾካካ ተዋጊ የሚሰነዝረው ድንገተኛ ምትም ከዚህ አይርቅም። ብዙዎች ምስጢሩ መደበቅ ይመስላቸዋል። መደበቅ ይጠቅማል፤ ግዴታ ግን አይደለም። አንድ ጓደኛው ከጠላት በ1.5 ሜትር ውስጥ ከቆመና ሮጉን የሚያሰናክለው ነገር ከሌለ፣ ፊት ለፊት እየታየ ቢመጣም ምቱ ይሠራል። ተጨማሪው ጉዳት በ1ኛ ደረጃ አንድ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ነው፤ 11ኛ ላይ ስድስት ይደርሳል። ይህን የፈሪ ውጊያ የሚሉት አሉ። አይመስለኝም፤ ሕጉ በአንድ ተራ አንዴ ብቻ ይፈቅዳል፣ ያውም እንደ ጩቤ ባለ ቀልጣፋ መሣሪያ ወይም በቀስት (ትልቅ መጥረቢያ የያዘ ምንም አያገኝም)። በሻሕስ ሦስት ጠጠር አሰልፎ «ጃሬ» የሠራውን ማን ፈሪ ይለዋል? የሮጉ ዋና መሣሪያ ጩቤው ሳይሆን ጠላትን ይዞ የሚያቆይለት ጓደኛው ነው፤ ብቻውን መሮጥ የሚወድ ተጫዋች ሌላ ተዋጊ ይምረጥ።