የላስታ በቅሎና የፒክ አፕ ተሳቢ፤ ሒሳቡ የሚጠየቀው ቁልቁለቱ ላይ ነው

ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ላሊበላን ጎብኝቶ ሲመለስ የሚያነሳው ጥያቄ አለ። እዚያ አገር ባለፈረሱ ከፒክ አፑ ኋላ ሁለት ፈረስ የሚይዝ ተሳቢ አስሮ መቶ ማይል ይጓዛል፤ ላስታ ላይ ግን ባለበቅሎው በቅሎውን እየነዳ ሁለት ቀን በእግሩ ይሄዳል፤ ይህን ክፍተት የሚሞላ ነጋዴ እንዴት ጠፋ? ጥያቄው ለጆሮ ይጥማል። ቆሞ የሚውል ሂሉክስ ያለው ሰው ከሰማው ልቡ ይነሳሳል፤ ደላላ ከሰማው ደግሞ ያሳምረዋል።

ጊዜውም ለዚህ ዓይነት ሐሳብ የተመቸ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር ደርሷል። ፒክ አፕ የያዘ ሰው ሌላ መኪና ከመግዛት ይልቅ ያለውን እጥፍ ማሠራት ቢያስብ አይፈረድበትም። ተሳቢውን ደግሞ እዚሁ ብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል። ብረት፣ ሁለት ጎማ፣ ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ ካለ ሥራው አለቀ የሚል ብዙ ነው። አላለቀም። የቀረው ፍሬኑ ነው፤ ንግዱ የሚሞተውም እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሚዛኑን እንይ። የላስታ በቅሎ ከአሜሪካ ፈረስ ጋር አትወዳደርም። ያኛው 500 ኪሎና ከዚያ በላይ ሲመዝን የእኛዋ 280 ኪሎ ብትሆን ነው። ሁለቱ ተደምረው ስድስት ኩንታል አይሞሉም። ሁለት ከብት የሚይዝ ጠንካራ ተሳቢ ግን ባዶውን ከዘጠኝ እስከ 12 ኩንታል ይመዝናል። ስለዚህ ባለመኪናው የሚያቃጥለው ናፍጣ ከበቅሎዎቹ ይልቅ ለብረቱ የሚውል ይሆናል። አሜሪካዊው ለ10 ኩንታል ፈረስ 10 ኩንታል ብረት ይጎትታል፤ የላስታው ነጋዴ ለስድስት ኩንታል የማይሞላ ጭነት ያንኑ ብረት ይጎትታል። ኪራዩን የሚከፍለው ባለበቅሎ ግን ስለ ብረቱ ምን አገባው?

እዚህ ላይ «ሂሉክስ 25 ኩንታል ይጎትታል ተብሎ ተጽፏል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እንደ ሞዴሉ ከዚያ በላይም የተጻፈለት አለ። ሆኖም ያ ቁጥር የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ የተሰጠ ነው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ በወረቀቱ ላይ የሚገኘው 750 ኪሎ ነው። አውሮፓውያንም ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ይኑረው ብለው በሕግ ደንግገዋል። በብየዳ ቤት የተሠራው ባዶ ተሳቢ አንዲት በቅሎ ሳትወጣበት ከዚህ ልክ አልፏል።

ሌላው የወረቀቱ ምስጢር ከፍታ ነው። መኪና አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ የመኪናውና የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት በ10 በመቶ እንዲቀነስ ይመክራሉ። ጋሸና ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። መኪናና ተሳቢው በድምሩ 50 ኩንታል ይፈቀድላቸዋል ብንል እዚያ ሲደርሱ ከ35 እስከ 40 ነው የሚቀራቸው። ፒክ አፑ ራሱ 20፣ ተሳቢው 10፣ በቅሎዎቹ ስድስት፣ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ባለቤቱና ገለባው ሦስት ቢሆኑ 39 ሞላ። ይህ ለአዲስ መኪና ነው። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር በቀጭን አየር ላይ ጉልበቱ በሩብና ከዚያ በላይ ስለሚቀንስ ከወልድያ ወደ ድልብ የሚወጣው ዳገት ላይ ራዲያተሩን ያፈላል እንጂ ንግድ አያካሂድም።

ዳገቱስ ይሁን። ሞተሩ ሲደክም መኪናው ይቆማል፤ ሰው ወርዶ ውኃ ይጨምራል፤ ኪሳራው የጊዜ ነው። ቁልቁለት ግን እንዲህ ዓይነት ዕድል አይሰጥም። ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ከደጋው ተነስቶ ወደ ተከዜ ተፋሰስ ይወርድና ወደ ከተማዋ መልሶ ይወጣል። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ 1,958 ሜትር ላይ ነው ያለው፤ ከተማዋ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንግዲህ መኪናው አንድ ሺሕ ሜትር ያህል ወርዶ ከዚያ ግማሹን ይወጣል ማለት ነው። 39 ኩንታል አንድ ሺሕ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል አንድ ሊትር ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ጋር እኩል ነው። ከዚህ ከፊሉን በዝቅተኛ ማርሽ የሚወርድ ሞተር ይሸከማል፤ የቀረው በሙሉ ፍሬን ላይ ያርፋል። ያ ፍሬን ደግሞ ለፒክ አፑ ክብደት የተሠራ እንጂ ከኋላው እየገፋ ለሚመጣ 16 ኩንታል የታሰበ አይደለም። የጋለ ፍሬን ሲረገጥ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን መሄዱን አይተውም። በፈረንጅ አገር የሚሠራው ተሳቢ መኪናውን መግፋት ሲጀምር በራሱ የሚይዝ ፍሬን አለው፤ እሱም ቢሆን ረጅም ቁልቁለት ላይ ይግላል።

ጭነቱም ነፍስ ያለው ነው። ስሚንቶ ኩርባ ላይ እግሩን አያነሳም፣ በቅሎ ግን ታነሳለች። ሁለቱ በቅሎዎች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ሲደገፉ ተሳቢው ይወዛወዛል፤ ተሳቢው ሲወዛወዝ የቀላል መኪና ጭራ አብሮት ይሄዳል። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» የሚለው ተረት ለተሳቢ አልተነገረም፤ እዚህ ገመዱ ሲበጠስ የሚያጥረው የባለመኪናው ነው።

የኪሳራውን መጠን ከበሬ ጋር አስተያይቶ ማየት ይጠቅማል። በጉዞ ላይ እግሩ የተሰበረ በሬ ታርዶ ለቅርጫ ይውላል፤ ባለቤቱ ከዋጋው የተወሰነውን ያገኛል። እግሯ የተሰበረች በቅሎ ግን ሥጋዋ አይበላምና የቀሪ ዋጋዋ ዜሮ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ በመኪናው ላይ የተጫነን ንብረት ለመካስ የወጣ አይደለም። ባለፒክ አፑ በአንድ ጉዞ የሚያገኘው የኪራይ ገንዘብ የሌላ ሰው ቤተሰብ ትልቁን ሀብት በኃላፊነት ከመረከብ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚያንስ ያሰበ ደላላ ያለ አይመስልም።

ገበያውስ አለ ወይ? በላሊበላ የበቅሎ ኪራይ አንዱ ምሰሶ ቱሪስቱ ነው፤ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ እንግዳ በቅሎ ይከራያል። ይህ ገቢ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ተመታ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተነሳው ግጭት ቱሪስቱን አርቆታል። እንግዳው በሰላሙ ጊዜም ቢሆን የሚበዛው ከመስቀል እስከ ጥምቀት ነው። በወቅት የሚሠራ ተሳቢ ቋሚ ወጪውን በወራት ውስጥ ማውጣት አለበት። ሲመለስ ባዶውን ነው፤ ለፈረስ ተብሎ በተከፈለ ጠባብ ሳጥን ጤፍ ጫኑልኝ የሚል ነጋዴ አይገኝም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በቅሎ በራሷ እግር የምትሄድ ሸቀጥ ናት። ከላሊበላ ጋሸና ለመድረስ የሚያስፈልጋት የነጂዋ አበልና የሁለት ቀን መኖ ነው። ይህን ወጪ የሚያሸንፍ መጓጓዣ ብቸኛ መንገዱ ወጪውን ለብዙ መከፋፈል ነው። አንድ አይሱዙ ኤን.ፒ.አር. ስድስት በቅሎ ቢጭን ክብደቱ 17 ኩንታል ገደማ ነው፤ መኪናው ለዚህ ሰፊ ነው፤ ፍሬኑም ለጭነት የተሠራ ነው። አንድ ሹፌር፣ አንድ ሞተር፣ አንድ ናፍጣ ለስድስት ይካፈላል። ሲመለስ እህል ይጭናል። ይህ እንግዲህ አዲስ ግኝት ሳይሆን የከብት ነጋዴው ሲሠራበት የኖረው ነገር ነው።

የጎደለው ሌላ ነው። እንስሳ የሚጭን ሹፌር ብዙውን ጊዜ መኪናውን ከመንገድ ዳር ካለ ጉብታ ጋር አስጠግቶ ነው የሚጭነው። ጉብታው ከመኪናው ወለል ጋር እኩል ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ ጎትቶ፣ ገፍቶና ደብድቦ ነው። የበቅሎ እግር የሚሰበረው ጉዞው ሳይጀመርም ነው። የቅዳሜው የላሊበላ ገበያ ዳር ላይ በድንጋይና በአፈር የተሠራ፣ አይሱዙ ተጠግቶ የሚቆምበት፣ ዝቅ ብሎ ተነስቶ ከመኪናው ወለል እኩል የሚደርስ አንድ መጫኛ መወጣጫ፣ አንድ ሌላ ደግሞ ጋሸና ላይ ቢሠራ የሚፈልገው ገንዘብ ለተሳቢው ከሚወጣው ብዙ የሚበልጥ አይሆንም። በአንድ ራስ የሚከፈል ትንሽ የመጫኛ ሒሳብ ያስገባል፤ ፍየልና በግ፣ በሬና አህያም ይጠቀሙበታል፤ ወቅትም አይጠብቅም። ናፍጣ አይጠጣም፣ ፍሬንም አያስፈልገው። ቦታውን የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ለዚህ የሚጻፍ ማመልከቻ ደግሞ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።