ሐበሻ አይመስልም

ባለፈው ወር ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስሄድ የሚኒባሱ ረዳት አጠገቤ የተቀመጠውን ወጣት ሂሳብ የጠየቀው በእንግሊዝኛ ነበር። ወጣቱ ረጅም ነው፤ መልኩም ጥቁር። ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት እናት «ደቡብ ሱዳናዊ መሰለኝ፣ ሐበሻ አይመስልም» አሉ። ልጁ ዞር ብሎ በጠራ የወለጋ ኦሮምኛ «አዮ፣ እኔ የቤጊ ልጅ ነኝ፤ ማኦ ነኝ» አላቸው። ሴትዮዋ ደንግጠው ደጋግመው ይቅርታ ጠየቁት። እኔ ዝም አልኩ። አፉን እስኪከፍት ድረስ ያሰብኩት እንደ እሳቸው ነበርና አፍሬ ነው።

«ሐበሻ አይመስልም» ማለት የዚህ አገር ሰው አይመስልም ማለት ነው። ታዲያ በወለጋ ምድር ከማኦና ከጉሙዝ የቆየ ማን አለ? የሜጫ ኦሮሞ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ እነዚህን ሕዝቦች እዚያው አግኝቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ የሆነው ደግሞ መልክ አይቶ ዘር የሚቆጥረውን ሁሉ ግራ ሊያጋባው ይገባል። በሞጋሳ ሥርዓት አንድ ጎሳ ሌላውን ሕዝብ በጅምላ ተቀብሎ የጎሳውን ስም ይሰጠው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያ ሰው ዘመድ ነው፣ ደሙም የጎሳው ደም ነው። ለልጅ ደግሞ ጉዲፈቻ አለ። አማርኛ ይህን ቃል ከኦሮምኛ ወስዶ የራሱ አድርጎታል፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ሥርዓቱን የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ዛሬ ነቀምቴ ገበያ ላይ «መልኩ ኦሮሞ ነው» የምንለው ሰው ቅድመ አያቱ ማኦ፣ ወይም ቋንቋው የጠፋው ጋፋት ሊሆን ይችላል። ይህ የኦሮሞ ትልቅ ውርስ ነው፤ እኛ ልጆቹ ለምን እንደዘነጋነው አይገባኝም።

ይህን ውርስ የዘነጋነው ከሌላ አካባቢ ለመጣውም ነው። በ1977ቱ ድርቅ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው አንስቶ ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል አሰፈረ፤ ወለጋ ብዙዎቹን ተቀብላለች። በአንገር ጉትን የማውቃቸው ልጆች የተወለዱት እዚያው ነው፤ በኦሮምኛ ይገበያያሉ፣ በኦሮምኛ ይቀልዳሉ። ስማቸው ግን እስከ ዛሬ «ሰፋሪ» ነው። የሰው ማንነት በእንዲህ ያለ ቃል ሲለይ የሚመጣውን አይተናል። ሰኔ 11 ቀን 2014 በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ አማሮች ተገደሉ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የእነዚያ ሰፋሪዎች ቤተሰቦች ናቸው። ከዚያ አስቀድሞ፣ በመስከረም 2011፣ ከአጎራባቹ ካማሺ ዞን ነፍሳቸውን ይዘው የሸሹ ኦሮሞዎች ነቀምቴን ሞልተዋት ነበር። ቤታችን ያደሩ እናት የነገሩኝን አልረሳም፤ ካባረሯቸው መካከል ለዓመታት ቡና ያጣጧቸው ጎረቤቶች ነበሩበት።

የረዳቱ እንግሊዝኛና ቶሌ ላይ የተተኮሰው ጥይት አንድ ናቸው አልልም። ረዳቱ ክፋት አልነበረውም፣ እንዲያውም እንግዳ አክብሮ ነው። ግን ሁለቱም የሚነሱት አንዱን ባለቤት ሌላውን መጤ አድርጎ ከሚያይ ዓይን ነው፤ ያንን ዓይን ደግሞ ሁላችንም በየቤታችን እናሳድገዋለን። መታወቂያችንም ያግዘው ነበር፤ ቆየት ያለው የቀበሌ መታወቂያ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረው። አዲሱ የፋይዳ መታወቂያ ብሔር አይጠይቅም፤ በዚህ ከልቤ ደስ ብሎኛል።

ሚኒባሱ ውስጥ ልጁን እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ይገጥመው እንደሆነ ጠየቅሁት። ለትምህርት ነቀምቴ ከመጣ ወዲህ ከየት አገር እንደሆነ ያልተጠየቀበት ሳምንት እንደሌለ ነገረኝ። ጊምቢ ልንገባ ስንቃረብ ኬላ ላይ ቆምን። ፈታሹ ገና በሩን ሳይከፍት፣ እኛ ቦርሳችንን ስንፈታ፣ እሱ መታወቂያውን ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ በእጁ ይዞ ነበር።