የመጀመሪያው ሚድ
የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሚድ ስንቱን ጎበዝ ተማሪ ያስደነግጣል! ትምህርት ቤት አንደኛ ትወጣ የነበረች የእህቴ ልጅ በሒሳብ ከ30ው 11 አምጥታ፣ «አክስቴ፣ ትቼው ልምጣ» አለችኝ።

«አይዞሽ» ብዬ ብቻ አልዘጋሁባትም፤ አብረን አሰላን። 20 የአሳይመንት፣ 50 የፋይናል ገና አለ። አጠናኗን ብጠይቃት የምትሸመድደው ደብተሯን ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ግን መምህሩ መንገድ ያሳያል እንጂ ሁሉን አያስጽፍም። ያልገባትን ይዛ ቢሮው እንድትሄድ፣ ከዶርም ጓደኞቿ ጋር ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን እንድትሠራ ተስማማን። እየፈራችም ቢሆን ሄደች፤ ሻንጣዋም አልተነሣም።

ወላጆች፣ የአንደኛ ዓመት ውጤት ለትምህርት ክፍል ምደባም ይታያል። ስለዚህ «በላችሁ ወይ?» ካላችሁ በኋላ፣ «ያልገባችሁን ማንን ጠየቃችሁ?» በሏቸው።